ባዮስ ላይ ኦቨርክሎክ አርጋችሁ ሴቭ አልሆን ሲላችሁ ከየት ጀምራችሁ እንደምትፈትሹ

ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት ሚመጣው የማዘርቦርዱ የሴቲንግ ሜኑ ነው፣ ኦቨርክሎክ ደሞ ሲፒዩውን (ፕሮሰሰሩን) ወይ ራሙን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ማስኬድ። ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ኤፍ10 ትጫናላችሁ፣ ሴቭ አርጌ ልውጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የስ ትላላችሁ፣ ማሽኑ ይጠፋል ይበራል፣ እንደገና ዲሊት ተጭናችሁ ስትገቡ ያ ሁሉ የደከማችሁበት ቁጥር የለም፣ ሁሉም አውቶ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይሄ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ ሚያስበው ባትሪው ሞቷል ነው፣ ወይ ደሞ ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊገዛ ይነሳል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግን እኔ እስካሁን በነካኋቸው ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አልነበረም።

ሴቭ አይሆንም የምንለው ነገር ሦስት የተለያየ ችግር ነው። አንዱ በእውነት ያልተጻፈ ወይ ተጽፎ የጠፋ ነው። ሌላው በደንብ ተጽፏል፣ ግን ማሽኑ በዛ ሴቲንግ መነሳት አቅቶት ቦርዱ ራሱ ወደ ድሮው መልሶታል። ሦስተኛው ደሞ ተጽፎ እየሰራ ነው እናንተ ግን በተሳሳተ ቦታ እያያችሁት ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ መፍትሄያቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም፣ ስለዚህ ምንም ከመቀየራችሁ በፊት የናንተ የቱ እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ይሄን ለማወቅ ምንም ሚገዛ ነገር የለም፣ ግማሽ ቀን ትዕግስት ብቻ።

ከመጀመራችሁ በፊት

አሁን ያለውን ሴቲንግ በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙ ቦርዶች ላይ በፋት32 ፎርማት የሆነ ፍላሽ ሰክታችሁ ኤፍ12 ስትጫኑ ባዮሱ ራሱ ስክሪንሾት ያስቀምጥላችኋል። ኦቨርክሎኩን ብቻ አይደለም ማንሳት ያለባችሁ፣ የሳታ ሞዱ (ዲስኩ ሚነበብበት መንገድ) ኤኤችሲአይ ነው ሬድ፣ ቪኤምዲ (የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ) በርቷል ጠፍቷል፣ ሲኪዩር ቡት፣ ሲኤስኤም (የድሮው አነሳስ ዘዴ)፣ የቡት ቅደም ተከተል፣ እነዚህን ሁሉ። ምክንያቱም ወደታች ስንሄድ ባዮሱን ሪሴት እናረጋለን፣ ያኔ ዊንዶውሱ ሬድ ወይ ቪኤምዲ በርቶ የተጫነ ከሆነ እና ሪሴቱ ካጠፋው የዊንዶውስ የስህተት ስክሪን ነው ምታዩት፣ ሰው ደሞ ሀርድ ዲስኬ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል።

ሌላው ቢትሎከር ነው፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ላፕቶፕም ይሁን ዴስክቶፕ ዊንዶውሳችሁ ድራይቩን ኢንክሪፕት አርጎት ከሆነ ባዮስ ሪሴት ስታረጉ ወይ አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ ረጅሙን ባለ 48 አሃዝ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉን አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ጻፉ፣ እዛው ማሽን ላይ ማስቀመጥ አይጠቅማችሁም። ይሄን እርምጃ እባካችሁ አትዝለሉት፣ ከዚህ ጽሁፍ ውስጥ ፋይል ሊያሳጣችሁ ሚችለው ክፍል ይሄ ነው።

1. ምንም ማይጎዳ አንድ ነገር ቀይሩና እዩ

ባዮስ ግቡ፣ ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ ሚለውን ምረጡ፣ ሴቭ አርጋችሁ ውጡ፣ ተመልሳችሁ ግቡ። አሁን ኦቨርክሎክ የሚባል ነገር ሳትነኩ አንድ ቀላል ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለምሳሌ ሲነሳ ሚመጣውን ሎጎ አጥፉት ወይ ነም ሎክን ኦፍ አርጉት። ሰዓቱን አስተካክሉ። ኤፍ10። ተመልሳችሁ ግቡና እዩ።

ከዛ ሁለተኛው ግማሽ፣ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ወደ ዜሮ አርጉት፣ ገመዱንም ንቀሉት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን ሙሉ እንደተነቀለ ይደር። መልሳችሁ ስትሰኩት ቀጥታ ባዮስ ግቡና ሁለት ነገር እዩ፣ ሰዓቱን እና ያቺን የቀየራችኋትን።

ከሪስታርት በኋላ እንኳን ካልቆየች ሴቲንጉ ጭራሽ እየተጻፈ አይደለም፣ ወደ 3 ሂዱ። ሪስታርትን አልፋ ገመድ ሲነቀል ከጠፋች፣ ሰዓቱም ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ፣ ባትሪ ነው፣ ወደ 2። ሁለቱንም ካለፈች ግን ሴቭ ማድረጉ ምንም ችግር የለበትም ማለት ነው፣ ባትሪም ቢሆን እንዲሁ፣ ችግራችሁ ያለው ኦቨርክሎኩ ላይ ነው፣ ቀጥታ ወደ 4።

ይሄ ሙከራ ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ግን ኦቨርክሎክ እየቀየራችሁ ሴቭ መሆን አለመሆኑን ማወቅ አትችሉም፣ ምክንያቱም በአንዴ ሁለት ነገር ነው እየሞከራችሁ ያላችሁት፣ መጻፉንም መነሳቱንም።

2. ባትሪ

ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የብር መልክ ያላት ባትሪ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ስሟ ውስጥ ያለው ቁጥርም እሱ ነው። ሲአር2025 ምትባል እህት አለቻት፣ ስፋቷም ቮልቴጇም አንድ ነው ውፍረቷ ግን 2.5 ብቻ ስለሆነ ቤቷ ውስጥ ትላላለች፣ አንዴ ትነካለች አንዴ አትነካም። ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ።

ሰው ብዙ ጊዜ ማያውቀው ነገር፣ ገመዱ ተሰክቶ ፓወር ሰፕላዩ በርቶ እስካለ ድረስ ማሽኑ ቢጠፋም ባትሪዋ ብዙ አትሰራም፣ ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣው የ5 ቮልት ስታንድባይ ነው ሰዓቱ ሚሰራው። ስለዚህ የሞተች ባትሪ ይዛችሁ ወራት ልትቆዩ ትችላላችሁ፣ ምታውቁት መብራት የሄደ ቀን ወይ ማከፋፈያውን ያጠፋችሁ ቀን ነው። ማታ ማታ ከሶኬቱ ምትነቅሉ ሰዎች "ቀን ይሰራል ጠዋት ጠፍቶ አገኘዋለሁ" ካላችሁ በጣም ግልጽ ነው።

ለመለካት መልቲሜትር ዲሲ 20 ቮልት ላይ አርጉ፣ ቀዩን ጽሁፍ ባለበት ጎን ጥቁሩን በጀርባዋ። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ ያነባል። 2.8 እና ከዛ በታች ካያችሁ አትከራከሩ ቀይሩት።

ስታወጧት ገመዱን ነቅላችሁ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ከዳር ያለችውን ትንሿን የብረት ምላስ በጥፍራችሁ ወደ ውጭ ገፋ ስታረጓት ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች፣ በጠመንጃ መፍቻ ከስር አትፈልቅቋት፣ እዛ አካባቢ ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ትቧጭራላችሁ። ምላሷ ተጣማ ባትሪዋን ማትነካ ከሆነም ምልክቱ ያው ከሞተች ባትሪ ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ አዲሷን ከማስገባታችሁ በፊት ምላሷ ተመልሳ ምትገፋ መሆኗን በጣታችሁ እዩ። ጽሁፍ ያለበት ጎን ወደ ላይ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አዳዲስ ቦርዶች ሴቲንጉን ሚጽፉት እንደ ድሮው በባትሪ ምትኖር ሚሞሪ ላይ ሳይሆን ባዮሱ ራሱ ያለበት የፍላሽ ቺፕ ውስጥ ነው። እነዚህ ላይ ባትሪ ሲሞት ሰዓቱ ብቻ ተበላሽቶ ሴቲንጉ ሊቆይ ይችላል፣ ሌሎች ደሞ ሰዓቱ ተበላሽቶ ሲያገኙት ለጥንቃቄ ሁሉንም ሪሴት ያረጋሉ። ስለዚህ ሰዓት ከተበላሸ ባትሪ ቀይሩ፣ ሰዓት ትክክል ከሆነ ግን ባትሪ መቀየር ምንም አይጠቅማችሁም።

3. ጭራሽ ማይጻፍ ከሆነ

ቦርዱ ላይ ክሊር ሲሞስ ሚባል የባዮስ ሴቲንግ ማጥፊያ ቦታ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ጄባት1 ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ፒን ብቻ ካለው ምንም ሊሰካበት አይገባም። ሦስት ፒን ካለው ጃምፐሩ (ሁለት ፒን ሚያገናኘው ትንሽ ክዳን) የት መሆን እንዳለበት ማኑዋሉ ይነግራችኋል፣ ብዙዎቹ ላይ 1 እና 2 መደበኛው ነው 2 እና 3 ማጥፊያው ነው። አንዴ ሪሴት አርጎ ጃምፐሩን እዛው የረሳ ሰው ሴቲንጉ በጠፋ ቁጥር ግራ ይገባዋል። ከኋላ ሪሴት በተን ያለው ቦርድ ከሆነ ደሞ የኬዙ የኋላ ሳህን ጥርስ በተኑን ተጭኖት እንዳይሆን በባትሪ መብራት እዩት።

ሁለት ባዮስ ቺፕ ያላቸው ቦርዶችም አሉ። አንደኛው መነሳት ሲያቅተው በሁለተኛው ይነሳል፣ እናንተ ዋናው ላይ የጻፋችሁት እዛው ተቀምጦ በሌላኛው ባዶ ባዮስ ገብታችሁ ጠፋ ትላላችሁ። ስትገቡ የባዮስ ቨርዥኑን ቁጥር እዩ፣ ከበፊቱ ከተለየ ነገሩ ይሄ ነው። ስዊች ካለው ወደ ዋናው መልሱት።

ያገለገለ ማሽን ከገዛችሁ ፓስወርድም አስቡ። ባዮሱ ላይ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ተደርጎ እናንተ በተጠቃሚ ደረጃ ከገባችሁ ብዙው ሴቲንግ ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ አይነካም።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው 1 ላይ የቀየራችኋት ሎጎ እንኳን ካልቆየች የተጻፈበት ቦታ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ 7 ላይ ያለውን አርጉ።

4. ተጽፎ ቦርዱ ራሱ ሲመልሰው

አብዛኛው ሰው እዚህ ነው ያለው። ቦርዱ አዲሱን ሴቲንግ ይዞ ለመነሳት ይሞክራል፣ ካልቻለ ራሱን አጥፍቶ ደግሞ ይሞክራል፣ ሁለት ሦስቴ ካቃተው በደህናው ሴቲንግ ይነሳል። እንዲህ ባያረግ ኖሮ በተሳሳታችሁ ቁጥር ኬዝ ከፍታችሁ ባትሪ ማውጣት ነበረባችሁ፣ ስለዚህ ቦርዱ እየጠበቃችሁ ነው። ምልክቱ ፋኖቹ ተነስተው ዝም ይላሉ፣ እንደገና ይነሳሉ፣ ዝም፣ ከዛ ስክሪን ይመጣል። ኦቨርክሎኪንግ ፌይልድ፣ ኤፍ1 ተጫን ሚል ጽሁፍ ሊያወጣ ይችላል፣ አንዳንዱ ግን ምንም ሳይል ዝም ብሎ ዊንዶውስ ይገባል፣ ሰውን ሚያሳስተው ይሄኛው ነው።

እኔ ራሴ አምስት ቀን የጠፋብኝ እዚህ ጋ ነው። አዲስ ዲዲአር5 ራም አስገብቼ ኤክስፖ (ራሙን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት ሚያስኬድ ዝግጁ ፕሮፋይል) 6000 ላይ አርጌ ሴቭ ስል ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቄ ተበላሸ ብዬ ማብሪያውን ይዤ አጠፋዋለሁ፣ ሳበራው 4800 ላይ ተመልሷል። ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ሰዓቱ አንድም ቀን ሳይዛነፍ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሴቭ እንዳልኩት ስልክ ተደወለልኝና ወጥቼ ሳወራ ቆየሁ፣ ስመለስ የዊንዶውስ መግቢያው መጥቷል፣ ገብቼ ሳየው 6000። ለካ ራሙን ትሬይን እያረገ ነበር፣ እኔ ነኝ በየቀኑ መሀል ላይ ማቋርጠው።

ሚሞሪ ትሬይኒንግ ማለት ቦርዱ ከራሙ ጋር በአዲሱ ፍጥነት ለመነጋገር የመላኪያና የመቀበያ ጊዜውንና ቮልቴጁን ሚያስተካክልበት ጊዜ ነው። ዲዲአር4 ላይ ሰከንዶች ነው፣ ዲዲአር5 ላይ በተለይ ኤኤም5 (የአዳዲሶቹ የኤኤምዲ ራይዘን ሲፒዩዎች) ቦርድ ላይ በተለይ ራሙ ብዙ ጊጋ ከሆነ ደቂቃዎች ይፈጃል። ቦርዱ ላይ ዲራም (ራም ማለት ነው) ሚለው ትንሹ መብራት በርቶ ስክሪን ጥቁር ከሆነ እስከ 15 ደቂቃ አትንኩት። ከመሀል ካጠፋችሁት ብዙ ቦርድ እንደ ከሸፈ ቆጥሮ ይመልሰዋል።

ጠብቃችሁም ከመለሰው አንድ በአንድ ለዩ። መጀመሪያ ሲፒዩውን ሙሉ በሙሉ አውቶ ተዉትና ኤክስኤምፒ ወይ ኤክስፖ (ሁለቱም የራም ፕሮፋይል ናቸው) ብቻ አብሩ። ከተነሳ ራሙ ደህና ነው። ካልተነሳ ራሞቹ ያሉበትን ስሎት እዩ፣ ሁለት ራም ከሆነ ከሲፒዩው ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው ብዙ ጊዜ ሚገቡት፣ ማኑዋሉ ላይ ኤ2 እና ቢ2 ይላቸዋል። አራት ራም ከሆነ በሁለት ሞክሩ፣ አራት ራም በከፍተኛ ፍጥነት መነሳት ለሲፒዩው ከባድ ስራ ነው፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለዛ ኪት ብቻ እንጂ ሁለት ኪት ደባልቃችሁ ለምትሰሩት አይደለም። ከዛ አንድ ደረጃ ዝቅ አርጉ፣ 3600 ካልሆነ 3400 ወይ 3200፣ 6400 ካልሆነ 6000። ቮልቴጁ ከፕሮፋይሉ ጋር መግባቱንም አረጋግጡ፣ የዲዲአር4 መነሻ 1.2 ቮልት ነው፣ የ3200 እና የ3600 ኪቶች ግን ብዙዎቹ 1.35 ይፈልጋሉ፣ ፍጥነቱን በእጅ ጽፋችሁ ቮልቴጁን 1.2 ላይ ከተዋችሁት ባይነሳ አይግረማችሁ። ኤኤም5 ላይ የኤስኦሲ ቮልቴጅን (ሲፒዩው ውስጥ ያለው የራም መቆጣጠሪያ ክፍል ሚያገኘውን) ከ1.3 በላይ ለማሳለፍ አትሞክሩ፣ በፈረንጆቹ 2023 ሲፒዩ ከተቃጠለ በኋላ የወጡት ባዮሶች እዛ ላይ ገድበውታል፣ ትክክለኛ ምክንያት አላቸው።

ራሙ ሲስተካከል ሲፒዩውን ጀምሩ፣ በአንዴ አንድ መልቲፕላየር፣ ቤዝ ክሎክ ሚባለውን መነሻ ፍጥነት ሚያበዛው ቁጥር ነው። ቤዝ ክሎክ 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ አንድ መልቲፕላየር ማለት 100 ሜጋኸርዝ ነው። ጨምሩ፣ ሴቭ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩ፣ ቆየ ወይ። ባልቆየበት ቦታ አንድ ወደኋላ ተመለሱ፣ ያ ነው የሲፒዩአችሁ ድንበር በዛ ቮልቴጅ። ቮልቴጅ ጨምሮ ድንበሩን መግፋት ይቻላል ግን ሙቀቱን እያያችሁ በትንሽ በትንሹ፣ ሰው የጻፈውን ቁጥር ቀድታችሁ አታስገቡ፣ ሁለት አንድ አይነት ሲፒዩ እንኳን እኩል አይሄድም። ቤዝ ክሎኩን ራሱን አትንኩት፣ ሌላ ነገር ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ ጊዜ ፋስት ቡት ሚለውን ባዮስ ውስጥ አጥፉት፣ ቢያንስ ስክሪን ላይ ሚወጣውን መልእክት እንድታዩ።

5. ቁጥሩ እዛው ስትጽፉት ሚመለስ ከሆነ

መልቲፕላየሩን 52 ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ወዲያው ወደ ድሮው ከተመለሰ ወይ ገብቶ ምንም ለውጥ ከሌለው የሴቭ ጉዳይ አይደለም፣ ተቆልፏል። ኢንቴል ላይ መልቲፕላየር ለመቀየር ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ያለው ሲፒዩ እና ዚ ቺፕሴት ያለው (ስሙ ውስጥ ዚ ያለበት) ቦርድ ይፈልጋል። ቢ560 እስኪመጣ ድረስ የነበሩት የኢንቴል ቢ ቦርዶች ራም ኦቨርክሎክ ማድረግም አይፈቅዱም፣ ቢ460 ላይ 3200 ራም ብታስገቡ እንደ ሲፒዩው 2666 ወይ 2933 ላይ ይቆማል። ኤኤምዲ ላይ ኤ320 እና ኤ520 ሲፒዩ ኦቨርክሎክ አይፈቅዱም፣ ቢ450 ቢ550 ኤክስ570 ይፈቅዳሉ። ራይዘን 5800ኤክስ3ዲ ደሞ ቦርዱ ምንም ቢሆን መልቲፕላየሩ ዝግ ነው።

ቮልቴጅ ዝቅ ለማድረግ ስትሞክሩ ኢንቴል ላይ ማይሰማችሁ ከሆነ አንደርቮልት ፕሮቴክሽን ሚል ፈልጉ። በፈረንጆቹ 2019 ቮልቴጅን ዝቅ አርጎ የሲፒዩን ሚስጥር ማውጣት እንደሚቻል ከታየ በኋላ የመጣ ቁልፍ ነው።

የ13ኛ እና 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላችሁ ደሞ በ2024 ከወጡት ባዮሶች አንዱን ጭናችሁ ከሆነ የፓወር ገደቡ ኢንቴል ዲፎልት ወደ ሚለው ተመልሶ ታገኙታላችሁ። አልጠፋባችሁም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ እየተጎዱ ስለነበር። እሱን ወደ ድሮው ገደብ አልባ ሴቲንግ እንድትመልሱት አልመክርም።

ራይዘን ላይ ፒቢኦ (ሲፒዩው ራሱ ፍጥነቱን ሚጨምርበት ሴቲንግ) ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ የቦርዱ ሜኑ ውስጥ አንዱ ኤኤምዲ ኦቨርክሎኪንግ ሚለው ውስጥ። በአንደኛው ጽፋችሁ በሌላኛው ዲሴብል ካለ ውጤቱን መገመት አይቻልም፣ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አውቶ ላይ ተዉት።

6. ሰርቶ እያለ አልሰራም ያላችሁ

ሲፒዩ-ዚ ሚባለው ፍጥነት ማሳያ ፕሮግራም ሚሞሪ ገጽ ላይ 1600 ካነበበ ራማችሁ 3200 ላይ ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚልክ ፕሮግራሙ ግማሹን ነው ሚያሳየው። 3000 ካለ 6000 ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ባዮስ ሪሴት ያረጉ ሰዎች አይቻለሁ።

ታስክ ማናጀር ላይ ቤዝ ስፒድ ሚለው የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ ምንም ብታረጉ አይቀየርም፣ ከግራፉ ስር በትልቁ ስፒድ ሚለውን እዩ። እሱም ማሽኑ ስራ ሲፈታ ይወርዳል፣ 800 ሜጋኸርዝ ካያችሁ ከባድ ነገር ከፍታችሁ ደግማችሁ እዩ።

ባዮስ ስትገቡ ትክክል ሆኖ ዊንዶውስ ውስጥ ግን የተለየ ከሆነ ራይዘን ማስተር፣ ኤክስቲዩ ወይ የቦርዱ አምራች ያወጣው ማስተካከያ ሶፍትዌር ተጭኖ ከሆነ እዩ። ዊንዶውስ ሲነሳ የራሳቸውን ፕሮፋይል ከላይ ይጭናሉ። አንድ ቦታ ወስኑ፣ ባዮስ ከሆነ ባዮስ፣ ሶፍትዌሩን አውጡት።

7. ከዚህ ሁሉ በኋላ እምቢ ካለ

ሙሉ ሪሴት፣ ገመድ ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ፣ ባትሪ አውጥታችሁ 10 ደቂቃ። ከዛ ሁሉም በፋብሪካ ሴቲንግ ላይ እያለ ባዮሱን ደግማችሁ ጫኑ፣ ከቦርዱ አምራች ገጽ የቦርዳችሁን ትክክለኛ ስምና ሪቪዥን አይታችሁ፣ ሪቪዥኑ ቦርዱ ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ፍላሹ ፋት32 ይሁን። ኦቨርክሎክ እያለ ወይ መብራት ሚቆራረጥበት ሰዓት በጭራሽ አትጫኑ፣ መሀል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል፣ ያለ ሲፒዩም በፍላሽ ብቻ ሚጭን በተን ያለው ቦርድ ካልሆነ በስተቀር።

ከአዲሱ ባዮስ በኋላ በድሮው ቨርዥን ያስቀመጣችሁትን ፕሮፋይል አትጫኑ። አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ ተቀብሎ ግማሹን ቦታ ለቦታ ያማታዋል፣ ሁለተኛው ይብሳል። ከፎቶው እያያችሁ በእጅ ጻፉት። ከዛ በኋላም ያቺ ሎጎ እንኳን ካልቆየች ቺፑ ራሱ ችግር አለበት፣ ዋስትና ካላችሁ መልሱት፣ ከሌላችሁ ቺፕ መቀየር ሚችል ሰው ፈልጉ።

ሲቆይላችሁ ሴቲንጉን ባዮሱ ውስጥ ፕሮፋይል 1 ብላችሁ፣ አንድ ኮፒ ደሞ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ሚምቴስት86 (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ሙሉ አራቱን ዙር ያለ አንድም ስህተት ይጨርስ፣ ከዛ ገመዱን ነቅላችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ሰክታችሁ ቀጥታ ባዮስ ገብታችሁ ሰዓቱንም ቁጥሮቹንም እዩ።